የወደቀውን ጣሪያ አስቀድመው የጻፉ ሰዎች

በሱዳን ድንበር አጠገብ ባለችው ሸሕዲ ከተማ የተከራየሁት ክፍል ከአንድ የሕንፃ ንድፍ ድርጅት ጋር ግድግዳ ይጋራል። ድርጅት ሲባል ሰው ትልቅ ነገር ያስባል። ያለው ግን ሁለት ክፍል፣ አንድ ሰፊ ጠረጴዛ፣ አንድ ማተሚያ ማሽንና መብራት ሲጠፋ የሚያጓራ ጄኔሬተር ነው። ኃላፊዎቹ ሦስት ናቸው። ከእነሱ ሌላ ሠራተኛ ስለሌለ የሚያዝዙትም የሚታዘዙትም ራሳቸው ናቸው።

እኔ ከቆላው ለሬዲዮ የምልክ ዘጋቢ ነኝ። ብዙ ዓመት የሠራሁት ስለ ሰሊጥ፣ ስለ ቀን ሠራተኛና ስለ ድንበሩ ነው። ስለ ሕንፃ አንድም ዘገባ ልኬ አላውቅም ነበር። አንድ ሚያዝያ፣ ጠዋቱ ገና ሳይሞቅ፣ የድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ ወረቀት ይዛ ደጄ ላይ ቆመች።

«ጋሼ፣ ቋንቋውን ብቻ ያስተካክሉልኝ» አለችኝ።

ከገጹ አናት «የድርጅቱ ኃላፊዎች የሙያ ታሪክ» ይላል። ለጨረታ የሚገባ ነው። በአንድ የቆላ ቀበሌ አራት መማሪያ ክፍል ሊሠራ ታስቦ፣ ንድፉንና የግንባታ ክትትሉን የሚይዝ ድርጅት ይፈለጋል። እስከዚያ ድረስ ሦስቱ የኖሩት ለገበሬና ለነጋዴ መጋዘን እየነደፉ ነበር። ይህን ቢያገኙ የመጀመሪያ የመንግሥት ሥራቸው ይሆናል።

አነበብሁት። ሥራ አስኪያጇ አርክቴክት ናት፤ ዲግሪም የሙያ ፈቃድም አላት። ሁለተኛው የጎጃም ልጅ፣ ቀያሽ ነው፤ እሱም ዲግሪ ይዞ መጥቶ ለኢንቨስተሮች የሰሊጥ እርሻ ሲለካ የኖረ። ሦስተኛው ላይ ስደርስ የማላውቀው ስም አየሁ።

«ሦስተኛው ኡስታ አይደሉም እንዴ? ይህ ማን ነው?»

ዓይኗን ወደ መንገዱ አዞረች። «ባሕር ዳር ያለ መሐንዲስ ነው። ወረቀቱን የሚያከራይ።»

በሙያው ውስጥ የታወቀ መላ ነው። ከተማ የተቀመጠ ባለ ዲግሪ ምስክር ወረቀቱንና ፊርማውን ለድርጅት ያከራያል። ስሙ ገጹ ላይ ይገባል፣ እግሩ ግን ቆላ አይወርድም። ሁሉም ያውቀዋል፣ ማንም አይናገረውም።

ኡስታ የምንላቸው ሽማግሌ የድርጅቱ የግንባታ ክትትል ኃላፊ ናቸው። ኡስታ በሱዳኖች አነጋገር የግንበኞች አለቃ ማለት ነው፤ ከተማው በሙሉ በዚሁ ይጠራቸዋል። በወጣትነታቸው ድንበር ተሻግረው ገዳሪፍና ካርቱም ላይ ግንበኝነት ተማሩ፣ ሽበት ሲጀምራቸው ተመለሱ። ዲግሪ የላቸውም። የጨረታው ሰነድ ደግሞ ኃላፊዎቹ ሁሉ ባለ ዲግሪ እንዲሆኑ ይጠይቃል።

«ኡስታ ያውቃሉ?»

«ያውቃሉ። ‹አስገቢው፤ እኔ አካፋ ይዤ እመጣለሁ› አሉኝ።» ሌላ ወረቀት ከሥሩ አወጣች። «ሁለት ገጽ ነው የጻፍሁት። አንዱ በሰውየው ስም፣ አንዱ በኡስታ። የሚገባው ከሦስት ሳምንት በኋላ ዓርብ ነው፤ እስከዚያ መምረጥ አለብኝ።»

የኡስታን ገጽ ተቀበልኋት። «በዘርፉ አንቱታን ያተረፉ አንጋፋ ባለሙያ» ይላል።

«አንቱ ያላቸው ማን ነው?»

«እኔ እላቸዋለሁ» ብላ ሳቀች።

ያላየሁትን ነገር ቋንቋውን አላስተካክልም አልኋት። ይህ ኩራት አይደለም፣ ልማድ ነው። አንድ ጊዜ የሰው ወሬ ተቀብዬ ስለ አንድ ጎርፍ የሌለ ነገር ልኬ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ እግሬ ያልደረሰበትን አልጽፍም። ስለ ጨረታውም ለሬዲዮ አንድ ቃል እንደማልልክ ነገርኋት፤ እጄ የገባበትን ጉዳይ አልዘግብም። የኡስታን ሥራ ግን ሄጄ አየዋለሁ አልሁ።

«ከሄዱ አይቀር የእኔንም ይዩ» አለች። ድምፅዋ ጠንከር አለ። «ከአብርሃ ጅራ ወዲህ ነው። አያምርም።»

መንገዱ ክፍት በሆነበት ቀን ሰሊጥ በሚጭን አይሱዙ ጋቢና ተቀምጬ ሄድሁ። አያምርም ያለችው ሁለት ክፍል የመምህራን መኖሪያ ነው። ደጋ ላይ በመሥሪያ ቤት ተቀጥራ ሳለች የነደፈችው ሲሆን፣ ለደጋ ከተሠራ ንድፍ ላይ ስፋቱን ብቻ ቀይራ የላከችው ነው። ከመስኮቱ ማዕዘን ተነሥቶ እስከ መሠረቱ የወረደ ስንጥቅ አለ። እጄን እስከ አንጓዬ አስገባሁበት። መሬቱ ዋልካ ነው። ይህ ጥቁር አፈር ክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በጋ ደርቆ ይሰነጠቃል፣ ከላዩ ያረፈውን ቤት በየዓመቱ አንሥቶ ይጥለዋል። እዚያ የሚኖር አንድ መምህር ስንጥቁን ከውስጥ በኩል በጨርቅ ጠቅጥቆታል።

«እባብ እንዳይገባ ነው» አለኝ። «የነደፈችው ሴትዮ መጥታ አይታዋለች። ተቀምጣ አለቀሰች። አንድ ሽማግሌ ናቸው አይዞሽ ያሏት።»

ስመለስ ጠየቅኋት። ሽማግሌው ኡስታ ነበሩ። በአጠገቡ ለአንድ ገበሬ መጋዘን ሲሠሩ ልቅሶዋን ሰምተው መጡ። በዚያ ቀን «ባሽመሐንዲስ» አሏት፤ ሱዳን ላይ መሐንዲስ የሚከበርበት ጥሪ ነው፤ ዛሬም በዚያው ነው የሚጠሯት። «ባሽመሐንዲስ፣ ግድግዳው ምን አጠፋ? መሠረቱን ቆፍሪና ጠይቂው» አሏት። አካፋ አምጥተው አብረዋት ቆፈሩ። ዋልካው ተጠርጎ እስኪወጣ፣ ጠንካራው መሬት እስኪገኝ መቆፈር እንደነበረበት፣ ጉድጓዱም ውሃ በማያሳብጠው ጠጠራማ አፈር፣ በገረጋንቲ፣ መሞላት እንደነበረበት አሳዩዋት። ከመሥሪያ ቤቷ የለቀቀችው ከዚያ በኋላ ነው። ድርጅቱንም ያቆመችው ከእሳቸው ጋር ነው።

በሳምንቱ ሽንፋ ሄድሁ። ኡስታ ከሱዳን ሲመለሱ መጀመሪያ የሠሩት መጋዘን እዚያ ነው ብለውኛል፤ ስለ እሱ ግን ከዚህ በላይ አልተናገሩም። የመጋዘኑ ባለቤት በዕድሜ የገፉ ሴት ገበሬ ናቸው። ከዛፍ ሥር ተቀምጠው ማሽላ ያበጥራሉ።

«ስለ ኡስታ ልጠይቅዎት ነው የመጣሁ።»

«የትኛው ኡስታ? ያ ጣሪያ በማሽላዬ ላይ የደፋብኝ?»

ማስታወሻዬን አወጣሁ። «ደፉብዎት?»

«ጭቃውን፣ አጠናውን፣ ሁሉን! ጻፈው፤ አታፍርብኝ።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ካርቱም ላይ የተለመደው ጣሪያ ጠፍጣፋ ነው። አጠና ይደረደራል፣ ሰሌን ይነጠፍበታል፣ በላዩ ጭቃ ይደመደማል፣ ውሃ በአሸንዳ ይወርዳል። ለሙቀት ከቆርቆሮ ይሻላል። ኡስታ ከሃያ ዓመት በላይ የሠሩት ያንን ስለሆነ ሽንፋ ላይም ያንኑ ሠሩ። መንደሩ እየመጣ እያየ አደነቀ፤ ውስጡ እንደ ዋሻ ይቀዘቅዛል። ሐምሌ ላይ ዝናቡ ሦስት ቀን ሳያቋርጥ ወረደ። ጭቃው ውሃውን ጠጥቶ ከበደ፣ አጠናው ተሰበረ፣ ጣሪያው በሞላው ለዘር በተቀመጠው ማሽላ ላይ ተጋደመ። ሰው አልተጎዳም። የዚያን ዓመት ዘር ግን በሰበሰ።

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ሸሽቷል ብዬ ነበር። በሦስተኛው ቀን በአህያ ቆርቆሮ ጭኖ መጣ። ‹እቴ፣ ካርቱም ዝናብ እንግዳ ነው፤ እዚህ ባለቤት ነው። አላወቅሁም› አለኝ። ሠራው። ሲጨርስ ‹ሂድ በቃ› ስለው እምቢ አለ። ምንጣፉን አንጥፎ እስከ መስቀል ድረስ እዚያው ውስጥ ከረመ። ‹እንደገና ከወደቀ በእኔ ላይ ይውደቅ› እያለ። እኔማ ያበደ መስሎኝ ነበር።» ሰፌዱን አስቀመጡ። «ከዚያ ወዲህ ልጄን ስድር ቤቱን የሠራው እሱ ነው። የመጀመሪያውንም ክረምት ሙሽሮቹ ሳይገቡ እሱ ነው የከረመበት።»

መጋዘኑን ዞሬ አየሁት። ቆሟል፤ ስንጥቅ የለበትም። ሌሎች አራት ሥራዎችንም በተከታዮቹ ቀናት አየሁ። በየቦታው ተመሳሳይ ነገር ሰማሁ። ሽማግሌው የሠሩት ቤት ውስጥ የመጀመሪያውን ክረምት ራሳቸው ያሳልፋሉ፤ ውሃ የት እንደሚገባ፣ ግድግዳው ምን እንደሚል እያዩ። አንድ የቀረ ሥራቸውን ግን መንገዱ ስለተዘጋ ማየት አልቻልሁም።

ረቡዕ ዕለት ገጹን ጽፌ ለሦስቱም አነበብሁላቸው። ክፍሉ ይፋጃል፤ ጄኔሬተሩን አጥፍተነው ነበር። የአርክቴክቷ ታሪክ የተሰነጠቀውን ቤት ይጨምራል፤ የጠየቀችኝ ራሷ ናት። የቀያሹ ታሪክ አጭር ነው።

«እኔ የወደቀ ነገር የለኝም እንዴ?» አለ ቀያሹ። «አንድ የሰሊጥ እርሻ ለካሁና ወንዙን ጨምሬ ለባለሀብቱ ሰጠሁት። ያንን ጻፉልኝ እንጂ፤ ለብቻዬ ፍጹም ስሆን ያሳፍራል።»

«ካርታው አለህ?»

«የለኝም።»

«እንግዲያው አልጽፈውም።»

የኡስታ ተራ ደረሰ። የጻፍሁት ያየኋቸውን ቤቶች ነው። ስለ ገዳሪፍና ካርቱም የነበረው ግን አንድ መስመር ብቻ ነበር፤ «በሱዳን ለረጅም ዓመታት በግንበኝነት መሥራታቸውን ይናገራሉ» የሚል። የሥራ ልምድ ደብዳቤዎቻቸው ካርቱም አንድ ወዳጃቸው ቤት የተቀመጡ ነበሩ፤ ጦርነቱ ሲመጣ ወዳጃቸውም ቤቱም የት እንደገቡ አልታወቀም።

«ይናገራሉ?» አሉ። ፊታቸው ጠቆረ። «ጉልበቴን የጨረስሁበትን አገር ‹ይናገራሉ› ብለህ ጻፍኸው?»

«አላየሁትም ኡስታ።»

«እኔ አይቸዋለሁ!»

«እርስዎ አይተውታል። ገጹን የምጽፈው ግን እኔ ነኝ።»

አርክቴክቷ ልትናገር ስትል በእጃቸው አስቆሟት። ተነሥተው ወደ በሩ ሄዱ። የሚሄዱ መስሎኝ ነበር። መንገዱ ላይ ለማሳ ምንጣሮ የመጡ ቀን ሠራተኞች ከሚኒባስ ሲወርዱ እያዩ ቆዩ። ከዚያ ሳይዞሩ ተናገሩ።

«ያየኸውን ብቻ ነው የምትጽፍ?»

«አዎ።»

«ሽንፋን አይተሃል።»

«አይቻለሁ።»

«ጻፍኸው?»

መጨረሻ ላይ አስገብቼዋለሁ አልኋቸው፤ ወድቆ እንደገና የተሠራ ብዬ።

«መጀመሪያ አድርገው» አሉ። «ለስለስ አታድርገው። ‹የመጀመሪያ ሥራቸው ወደቀ› በል። ሰው ሌላውን የሚያምነው ከዚያ ነው። ሌላው ሁሉ የመጣው ከዚያ ነው።» ወደ አርክቴክቷ ዞሩ። «ነገር ግን ይህን ገጽ አታስገቢውም፣ ባሽመሐንዲስ። የባሕር ዳሩን ሰውዬ አስገቢ። ይህችን ለራሴ እይዛታለሁ።»

እሷ የባሕር ዳሩን ሰውዬ ገጽ ከመሳቢያ አወጣች። አልቀደደችውም፤ ንድፍ ስታስተካክል እንደምታደርገው ገልብጣ በባዶው ጀርባ ላይ መስመር ትሞክርበት ጀመር። ቀያሹ አየኝ። እኔም አየሁት።

ዓርብ የኡስታ ገጽ ገባ።

ለማብራሪያ የተጠሩት ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው። ገጹን የጻፍሁት እኔ ስለሆንሁ ስለ ማስረጃው ቢጠየቅ ልመልስ ብዬ አብሬ ገባሁ። ኮሚቴው ሦስት ሰው ነው፤ የተናገሩት ግን ሰብሳቢው ብቻ ናቸው። ክፉ ሰው አይደሉም። ውሃ እንድንጠጣ ጋበዙን፤ ማራገቢያውንም ወደ ኡስታ አዞሩላቸው። ከዚያ ገጹን አነሡ።

«ይኼ ምንድን ነው? የሙያ ታሪክ ነው ወይስ ንስሐ?»

«ንስሐ ቢሆን ለቄስ እናስገባው ነበር» አለ ቀያሹ።

ከሁለቱ አባላት አንዱ ሳቁን በሳል ሸፈነ። ሰብሳቢው አነበቡ። «‹በሽንፋ የሠሩት የመጀመሪያ ጣሪያ በዚያው ክረምት ወደቀ።› ይህን ጻፉ ያላችሁ ማን ነው?»

«ማንም» አለች አርክቴክቷ። «ቢጠየቅማ ሌሎቹም ይጽፉት ነበር። የሌሎቹ ጣሪያ አልወደቀም እንዴ? ቆላውን ያውቁታል ጌታዬ።»

ሰብሳቢው አላስተባበሉም። መነጽራቸውን አወለቁ። «እህቴ፣ መመሪያውን ያወጣሁት እኔ አይደለሁም። ንድፋችሁን አይተነዋል፣ ጥሩ ነው። መሠረቱ ላይ የጻፍሽው ጥሩ ነው። የጎደላችሁ አንድ ዲግሪ ነው። እንኪ፣ እስክሪብቶ። የሦስተኛውን ስም ሰርዢና ፈርሚበት፤ በሁለት ኃላፊ እናስተናግዳችኋለን። ሽማግሌውን በቀን ሠራተኛነት አስገቢያቸው። ማን ያያችኋል?»

እስክሪብቶው ጠረጴዛው ላይ ተንከባለለ። ኡስታ እጃቸውን ዘረጉ።

«ስጠኝ፤ እኔው ልሰርዘው። ስሜ ነው።»

መዳፏን ገጹ ላይ አሳረፈች። «ኡስታ፣ እጅዎን ያንሡ።»

እንዲህ ባለ ድምፅ ስታናግራቸው ሰምቼ አላውቅም። ኡስታም አልሰሙም መሰለኝ፤ እጃቸው አየር ላይ ቀረ።

«ልጄ፣ ሥራው ይቀርብሻል።»

«ይቅር። ስምዎ ከተሰረዘ ‹ይህ መሠረት ይፍረስ› ብለው ማንን ያዝዛሉ? የቀን ሠራተኛ ኮንትራክተር ያስቆማል?» ወደ ሰብሳቢው ዞረች። «እኛ ዲግሪ አላጣንም። ዲግሪ ይዤ እዚህ ቆላ ቤት የሰነጠቅሁ እኔ ነኝ፤ ገጹ ላይ አለ፣ ያንብቡት። የሠራው ቤት ውስጥ ገብቶ ክረምቱን የሚከርም ሰው ስም ከሚሰረዝ የእኔ ይሰረዝ።»

«ያንቺ ከተሰረዘ ድርጅት የላችሁም።»

«የእሳቸው ከተሰረዘም የለንም።»

ሰብሳቢው እስክሪብቶውን ወደ ኪሳቸው መለሱ። ቁጣ አላየሁባቸውም፤ የደከማቸው ይመስሉ ነበር። በዚያው ሳምንት ድርጅቱ ከውድድሩ ውጭ መሆኑ በደብዳቤ ተገለጸላቸው። ሥራውን ያሸነፈው ሦስት ባለ ዲግሪ የዘረዘረ ድርጅት ነው። ከሦስቱ ስንቱ ቆላ እንደወረዱ አላጣራሁም፣ ስለዚህ አልጽፍም።

ከቢሮው ስንወጣ ኡስታ እየቀደሙ ሄዱ። የአውቶቡስ መናኸሪያው አጠገብ ስንደርስ ቆመው ተቆጡ።

«ለአንድ ሽማግሌ ስም ብለሽ ሥራ አስጣልሽን!»

«ሽንፋን ያስቀደሙት እርስዎ ነዎት» አለቻቸው። «እኔ ከእርስዎ ነው የተማርሁት።»

«ሁለታችሁም ልክ ናችሁ» አለ ቀያሹ። «የራበኝ እኔ ነኝ።»

እውነት ለመናገር ያን ቀን ጥፋቱ የእኔ መስሎኝ ነበር። ቋንቋውን ብቻ አስተካክዬ ብሰጣት ኖሮ፣ አንቱታቸውን እንዳተረፉ ቢቀሩ ኖሮ እያልሁ ወደ ክፍሌ ገባሁ። ጥቂት ቀን ቆይቼ ማስታወሻዬን መልሼ አነበብሁ። አንድም የሚሰረዝ መስመር አላገኘሁም። ያየሁትን ጽፌያለሁ። ያየሁት ነገር አንድን ድርጅት ከውድድር ካስወጣ፣ መጠየቅ ያለበት ውድድሩ ነው እንጂ ገጹ አይደለም። ይህን ለማንም አልተናገርሁም ነበር፤ አሁን እናገራለሁ።

ከዚያ ወዲህ ድርጅቱ የኖረው በገበሬ መጋዘንና በመኖሪያ ቤት ነው። ባለፈው ክረምት ኡስታ ሽንፋ መንገድ ላይ ባለ አዲስ መጋዘን ውስጥ ከረሙ። ዘንድሮ ጉልበታቸው ስለደከመ ተራው የአርክቴክቷ ሆነ፤ ነሐሴን በሙሉ የሰሊጥ ሽታ ውስጥ ተኝታ በየጠዋቱ ግድግዳውን ትለካ ነበር። ጨረታ በወጣ ቁጥር ያችኑ ገጽ ያስገባሉ። ወረቀት የሚያከራዩ ሰዎች ሁለት ጊዜ ደውለውላታል። ሁለቱንም ጊዜ «የትኛውን ክረምት ይከርሙልናል?» ብላ ጠይቃለች።

ባለፈው ሳምንት ገጹን ይዛ እንደገና መጣች። ከታች አንድ መስመር ጨምራለች፤ «ይህን ገጽ ባለመለወጣቸው ከሦስት ጨረታ ውጭ ሆነዋል» ይላል።

«ማስረጃ?» አልሁ።

ሦስት ደብዳቤ ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጋች። አነበብኋቸው። ሁለቱ ምክንያቱን በግልጽ ጽፈዋል። ሦስተኛው «አላለፋችሁም» ከማለት በቀር ምንም አይልም።

«‹ከሁለት› በይ» አልኋት።

«ጋሼ፣ ሦስተኛውም በዚሁ እንደሆነ እርስዎም ያውቁታል።»

«አውቃለሁ። ደብዳቤው ግን አይልም።»

ተናደደች፤ ከዚያ አስተካከለችው። ኡስታ በሩ ላይ ተደግፈው ይሰሙን ነበር።

«ከሥሩ ባዶ ቦታ ተዪለት፣ ባሽመሐንዲስ» አሉ። «ገና ይጨመርበታል።»